መሰላሉን ያዢ

ማክሰኞ፣ ጥር 9። ከአሱር በኋላ

ዛሬም መሰላል ያዥ ነኝ። አሁንማ የያዝኩት አንቺን ነው ደብተሬ፣ ጣቶቼ ግን እስካሁን እንደታጠፉ ናቸው። ከት/ቤት መጥቼ ምሳዬን ሳልውጥ «ዛሂ፣ መሰላሉን ያዢ»። እዚህ ቤት ዛሃራ የሚባል ስም ተረስቷል። ስሜ መሰላሉን ያዢ ነው።

ሎሚው ተለቅሞ አለቀ። ስለዚህ አባባ እንድሪስ ዛፍ ይገርዛሉ። አያቴ ናቸው፣ የእማ አባት። አባዬ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ በቤታችን ያሉት ወንድ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሮቢ ወንዝ ዳር ያለችው ቦታችን ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ሁለት ማንጎና አንዲት ዘይቱና አላት፤ የምንበላው ከእሷ ነው። መጋዙን ለማንም አይሰጡም። ለእማ አይሰጡም፣ ለእኔማ አይታሰብም። እኔ ዛፍ ልውጣ ብል ደግሞ እማ አለች። ሴት ልጅ ዛፍ አትወጣም፣ አለቀ። ሴት ልጅ መሰላል ይዛ በፀሐይ ብትጠበስ ግን ምንም ነውር የለውም።

አባባ ሥርዓት አላቸው። ከመቁረጣቸው በፊት በመጋዙ እጀታ ግንዱን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ወፎቹ እንዲወጡ፣ ስማቸው የማይጠራውም እንዲወጡ። ስማቸው የማይጠራው ዕቃ ለመሸከፍ ስንት ሰዓት ይፈጅባቸዋል ብዬ ጠየቅሁ። መልስ አልተሰጠኝም። ዓይን ተሰጠኝ።

ከዚያ ጋሽ ሙህዬ መጡ። የቦታ ጎረቤታችን፣ የአባባ የልጅነት ጓደኛ። ኩታቸውን አጥፈው ቦዩ ዳር ተቀመጡ፣ ጫታቸውን ጉንጫቸው ውስጥ አስገቡ፣ ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው ወሬ ነው። መጋዝ ሲነኩ አይቼ አላውቅም። ከቀኝ ጆሮህ በላይ ያለውን ተወው እንድሪስ። እሱን አይደለም፣ ከሥሩ ያለውን ደረቁን። ኧረ ወደ ግራ፣ አንተ ሰው! አባባ ደግሞ ከላይ ሆነው፣ አንተ ስለ ሎሚ ምን ታውቃለህ፣ ጫትህን ቃም ይላሉ። አባባ የዛፍ መሃል መከፈት አለበት ባይ ናቸው፤ ድንቢጥ ክንፏን ሳታጥፍ ማለፍ አለባት። ጋሽ ሙህዬ ደግሞ የሮቢት ፀሐይ ልጡን ይጠብሰዋል፣ ጥላ ተውለት ይላሉ። በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ። ድሮም ይጨቃጨቁ ነበር፣ ከካቻምና ወዲህ ግን ብሶባቸዋል።

ጋሽ ሙህዬ ፍየል ገባብኝ ብለው ወደ ቦታቸው ሮጡ። ተመስገን፣ ጸጥታ። በዚች መሃል አባባ አበባ የያዘውን ለምለም ቅርንጫፍ ገንድሰው ጣሉት። አጠገቡ ያለው ደረቁ እንደቆመ ነው። አባባ ይሄኮ አበባ ነበረው አልኳቸው። ሆን ብዬ ነው አሉኝ። ሎሚ ሲቀብጥ ይቀጣል።

ሎሚ መቀጣቱን አላውቅም። እኔ ግን ተቀጥቻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ት/ቤት ዝግ። ክርስቲያኖቹ ልጆች ወንዝ ወርደዋል፤ ወንዶቹ የሚወረውሩት ሎሚ ግማሹ የእኛ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። እኔ የት ነኝ? ታውቂያለሽ የት እንደሆንኩ።

ጋሽ ሙህዬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ጀውሃ ሄደዋል። ዝም ያለ ቀን፣ ስለዚህ የሚሰለች ቀን። እማ ቀይ ሻሿን አጥባ አስጥታዋለች። ወስጄ ብርቱካኑ ላይ፣ አባባ ሊቆርጡት የሚችሉት ቅርንጫፍ ላይ አሰርኩት። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ አባባ ያያሉ፣ ይቆጣሉ፣ ይቺ ልጅ ሰይጣን ነች ይላሉ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ቀኑ ያልፋል።

ወጡ። ግንዱን መቱ። ቢስሚላህ። ቅርንጫፉን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ሻሹ አፍንጫቸው ሥር ነው። ቀይ ነው። ነፋስ ያርገበግበዋል። መጋዙን አስቀምጠው ይገዘግዙ ጀመር። የሻሹ ጫፍ መጋዙ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ተቀደደ። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ሻሹ ትከሻቸው ላይ ቀረ። በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። ዘንድሮ ቅጠሉ በዛ፣ አሉ።

ሳቁ አልመጣም። መሰላሉን አጥብቄ ያዝኩ።

ዓርብ፣ ጥር 12። ከጁምዓ መልስ

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ። እማ ስለሄደች እኔም ተከተልኩ። ሊቀመንበሩ (ከዚህ በኋላ ጓድ ሊ/መ፣ እጄ እንዳይዝል) አንድ ክንድ የሚያህል የድምፅ ማጉያ ይዘው ከፊታቸው ለተቀመጥን ሃምሳ ለማንሞላ ሰዎች ይጮኻሉ። ከላይ ትልቅ እንግዳ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ያልፋል። ማን እንደሆነ አይነገርም። ስለዚህ ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለ ዛፍ ሁሉ እኩል ቁመት ይከረከማል፣ ግንዱ ነጭ ኖራ ይቀባል። ቁመቱ የሚለካበት ገመድ ተዘጋጅቷል። ገመዱን አሳዩን። አጨበጨብንለት። ለገመድ።

አንድ ሰውዬ፣ ከገመዱ የሚያጥሩትስ ዛፎች ብሎ ጠየቀ። ጓድ ሊ/መ አሰቡ። በሂደት ይስተካከላሉ፣ አሉ።

ገራዥ ሆነው የተመረጡት አባባ ናቸው፤ በሮቢት ከሳቸው የሚበልጥ የለም ተብሎ። ረዳት ጋሽ ሙህዬ። በምን እንደሚረዱ አላህ ይወቅ፣ ምናልባት በምላሳቸው።

ይሄ ሁሉ ያስቃል። የመጨረሻው ነገር ግን አላሳቀኝም። ወንዝ ዳር ያሉ ቦታዎች እንግዳው ካለፈ በኋላ በኮሚቴ ይታያሉ። በራሱ ቤተሰብ ጉልበት ማልማት ያልቻለ፣ ቦታው ለሚችል ይሰጣል። ጓድ ሊ/መ ይሄን ሲሉ ማንንም አላዩም። ሌላው ሰው ግን ሽማግሌዎቹን አየ። አባባ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ወደ ድምፁ ነው፣ ትንሽ ከጓድ ሊ/መ ወደ ጎን። እማ እጄን ያዘችው። ለምን አጥብቃ እንደያዘችው እኔና እሷ የምናውቀው የተለያየ ነው። እሷ የምታውቀው አባቷ ማርጀታቸውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ጠዋት እማ ሻሿ ለምን እንደተቀደደ ጠየቀችኝ። ፍየል በላው አልኩ። አባባ ደጃፍ ተቀምጠው ይሰማሉ።

ከሰዓት ቦታው ወሰዱኝ። መሰላል የለም፣ መጋዝ የለም። ብርቱካኑ ሥር ቆሙና ቁራጩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ዛሂ፣ ሻሹን የበላው ፍየል እኔ ነኝ አይደል?»

ምን ትያለሽ ደብተሬ? ምላሴ ስትፈለግ የለችም።

ከካቻምና ጀምሮ ነው አሉኝ። መጀመሪያ ጭስ ይመስል ነበር። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ግንድ ይለያሉ፣ ሰው ቆሞ ከሆነ ሰው መሆኑን ይለያሉ። ቅርንጫፍ አይለዩም። ሐኪም ቤት ሄደው አዲስ አበባ ውጡ ተብለዋል፣ አልወጡም። እማ እንዳትሰማ። እሷ የአባዬን ወሬ መጠበቅ ይበቃታል። ኮሚቴው ከሰማ ደግሞ ቦታዋ ሄደች።

ከዚያ ዓይን ሁኚኝ አሉኝ፣ ግን ማንም ሳያውቅ። እንዴት አድርጌ ብላቸው፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ ዘዴውን አንቺ ፈልጊ አሉኝ።

ፈለግሁ። የስምንተኛ ክፍል ጂኦግራፊ! ሰሜን ላይ፣ ደቡብ ታች፣ ምሥራቅ ቀኝ፣ ምዕራብ ግራ። ወንዝ ካነበብኩ ወንዙ ወደሚፈስበት ሄደው ይቁረጡ። ተራራ ካነበብኩ ይተዉት። አባባ በሕይወታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም፣ በአንድ ከሰዓት የአፍሪካን ካርታ አጠኑ። ለእኔ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ተናድጃለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 15

መንገድ ዳር። ኒሞቹ። የችግኝ ዘመቻ የተከላቸው ናቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ጥላቸው ሥር ያርፋሉ። ዛሬ ጥላው ተከርክሞ ሲወድቅ አንድ የአሰብ ሾፌር ጭንቅላቱን ይዞ አየን፤ ሐዘን ቤት የገባ ነው የሚመስለው።

እኔ መሰላሉን በአንድ እጄ፣ መጽሐፉን በሌላው። «የአዋሽ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል።» መጋዙ ወደ ቀኝ። «የራስ ዳሽን ተራራ።» መጋዙ ቆመ። ይሠራል! ወላሂ ይሠራል!

የማይሠራው ጋሽ ሙህዬን ዝም ማሰኘት ነው። እኔ ሳነብ እሳቸውም ከእኔ ጋር ይጮኻሉ። እንድሪስ፣ ወደ ቀኝ፣ ከክንድህ ሥር ያለው። አባባ የማንን ይስሙ? የኒም ቅጠል አፋቸው ውስጥ ብጠቀጥቅ ደስ ይለኛል፣ መራራ ነው ይባላል። የሚገርመው አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት እኔ ያልኩትኑ ነው። ሲፈልጉ ያውቃሉ ማለት ነው።

አንዱ ኒም ላይ አባባ ዝቅ ማለት ነበረባቸው። መጽሐፉ ውስጥ ወደ ደቡብ የሚፈስ ወንዝ ቶሎ አላገኘሁም። አባይ ወደ ደቡብ ይፈሳል አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጋሽ ሙህዬ ጫታቸውን ማኘክ አቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ አባይ ወደ ደቡብ ከፈሰሰ ግብፅ ምን ሊጠጣ ነው?»

ጓድ ሊ/መ በዚያው ያልፋሉ፤ እየሠራች የምታጠና አርአያ ወጣት ብለው አመሰገኑኝ። ስለ አባይ ምንም አላሉም። ኒሙን በገመዳቸው ለኩ፣ አንድ ጣት በለጠ፣ አባባን መልሰው አወጧቸው። ለአንድ ጣት!

ረቡዕ፣ ጥር 17

ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንቺ ፍረጂ። የጂኦግራፊ መምህራችን አባይ ወዴት ይፈሳል አሉ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ወደ ደቡብ አለ። ክፍሉ ፈነዳ። እስኪደወል ቆሜ ቀረሁ። የቤተሰቤን መሬት ለማትረፍ አባይን አዙሬያለሁ ብዬ አላስረዳ ነገር!

ከሰዓት ቁርቁራው። የሻይ ቤቱ በር ላይ ያለው፣ እሾሁ እንደ መርፌ። ጓድ ሊ/መ በገመዱ ራሴ ልለካ ብለው ተጠጉና ቁርቁራው ኮፍያቸውን ወሰደ። በአየር ላይ ሰቀለው። አባባ መሰላል ላይ ናቸው። ጓድ ሊ/መ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ አባባ እንድሪስ፣ ኮፍያዬን ያቀብሉኝ አሉ።

ደረቅሁ። ኮፍያው ከአባባ ክንድ አይርቅም፣ ግን የት? መጽሐፉን ገለጥኩ። ኮፍያ የሚፈስበት ወንዝ በአፍሪካ የለም። ጓድ ሊ/መ ይጠብቃሉ። አባባ እጃቸውን ዘረጉ፣ ወደ ባዶ።

ጋሽ ሙህዬ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆነው ስድብ ጀመሩ። አንተ እንድሪስ፣ የሹም ኮፍያ እንደ ሎሚ አይቀጠፍም፣ ከክርንህ በላይ ነው፣ እሾሁን ሳትነካ ቀስ አድርገህ ከሥሩ አንሳው። አባባ አነሱት። አቀበሉ። ጓድ ሊ/መ አመሰገኑ። ጋሽ ሙህዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀሙን፣ እሱም ሊሳደቡ ብለው። ሰው ሲቸግረው በማን እንደሚድን አይመርጥም።

ደግሞ ሻይ ቤቱ ጎን ያለችው ዘይቱና ከገመዱ አጥራለች። ጓድ ሊ/መ ተቆጥተው አዩዋት። ኖራ ብቻ ተቀባች፣ በሂደት።

ዓርብ፣ ጥር 19

ጋሽ ሙህዬን ወባ ጣላቸው። አልጋ ይዘዋል። አላህ ያሽራቸው እላለሁ፣ ግን ትንሽ ቆይቶ። ነገ የመጨረሻው ዛፍ ነው፣ የማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ ያለው ትልቁ ማንጎ፤ ያለ ጭቅጭቅ እንጨርሰዋለን። አንድ ቀን በሰላም።

አባባ ግን ስሰማ ሁለቴ ሙህዬ እንዴት ዋለ ብለው ጠየቁ። ምሳቸውንም በደንብ አልበሉም።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ማንጎው አበባ ይዟል። አባባ፣ ማንጎ አበባ ላይ እያለ አይቆረጥም፣ ፍሬው ይለቀም አሉ። ጓድ ሊ/መ እንግዳው ፍሬ አይጠብቅም አሉ። ተስማሙ፦ ደረቁና የቢሮው ጣሪያ ላይ የተኛው ቅርንጫፍ ብቻ ይነሳል። ሰው ከበበን። ኖራ ቀቢዎች፣ የወፍጮው ሰዎች፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ። እማም ነበረች።

አባባ ወጡ። ግንዱን መቱ። ቢስሚላህ። እኔ የባሮ ወንዝ ወደ ምዕራብ ብዬ ስጀምር ጓድ ሊ/መ ጥናቱ ለዛሬ ይብቃ አሉኝ፣ ኖራ አልቋል፣ ከመጋዘን አንድ ባልዲ አምጪ። መሰላል ይዣለሁ አልኩ። ሌላ ሰው ያዘልኝ። አባባን አየሁ። ፊታቸው ወደ እኔ ነበር፣ ወደ ድምፄ። ሂጂ አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሮጥኩ። ባልዲውን እስከ ጉልበቴ እያንቦጫረቅሁ ተመለስኩ። መጋዙ ይሰማል። ቀና አልኩ።

የሚቆርጡት ደረቁን አይደለም። ወፍራሙን፣ መሰላሉ የተደገፈበትን ራሱን ነው። የተደገፉበትን! ግማሹን አልፈዋል። መሰላሉን የያዘው ሰውዬ ወደ መንገዱ ያያል፣ መኪና ይቆጥራል መሰለኝ።

ለዚህ የሚሆን ወንዝ የለም ደብተሬ። ተራራም የለም። ብጮህ ሁሉም ያውቃል፣ ቦታዋ ትሄዳለች። ዝም ብል አባባ ይሄዳሉ። ይሄን ያሰብኩት አሁን ነው፤ ያኔ አላሰብኩም። ባልዲውን ጣልኩ።

«አባባ፣ መጋዙን ያቁሙ! የተደገፉበትን ነው የሚቆርጡት!»

መጋዙ ቆመ። ሁሉም ነገር ቆመ። አባባ መውረድ ጀመሩ። እግራቸው እርከኑን ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ በአየር ላይ ይዞራል፣ እንደገና ይፈልጋል። ሕዝቡ ሁሉ ያንን እግር ያያል። እማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። መሬት ረገጡ። ጓድ ሊ/መ ገመዳቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

ከመቼ ጀምሮ ነው አሉ። አባባ ምኑ አሉ፣ የኖራ ባልዲዬን በእግራቸው እየገለበጡ።

ሰው ተበተነ። እኔ ግማሽ ነጭ ሆኜ ቤት ገባሁ። እኔም በሂደት ተስተካክያለሁ።

እሑድ፣ ጥር 21

እማ ከጠዋት ጀምሮ ለምን አልነገርሽኝም ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ለአባባ ሽሮውን ወደ እጃቸው አስጠግታ አስቀመጠችላቸው። እስካሁን ራሳቸው እንዲፈልጉ ትተውላቸው ነበር።

ጋሽ ሙህዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ሎሚ ይዤ። ሁለት ብርድ ልብስ ሥር ሆነው ይንቀጠቀጣሉ፣ ላብ በላብ። ወሬው ደርሷቸዋል። ገና ሳልቀመጥ ተቆጡኝ። ማንጎ ሥር ብቻውን ትተሽው ሄድሽ? ለኖራ? እንዴት እንደናደደኝ አትጠይቂኝ። እርስዎ ምን አገባዎት አልኩ፣ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፣ ጭቅጭቁ ቀረብዎት እንጂ።

ፊታቸውን ወደ ጣሪያው አዞሩ።

«ሎሚ ተቆረጠ አልተቆረጠ እኔ ምን ገዶኝ? ለምን ይመስልሻል በየቅርንጫፉ ከቀኝህ፣ ከግራህ የምለው?»

ደብተሬ፣ እንደ ደደብ ቆሜ ቀረሁ። ከካቻምና ወዲህ ብሶባቸዋል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከቀኝ ጆሮህ በላይ። ከክንድህ ሥር። ከክርንህ በላይ፣ እሾሁን ሳትነካ። ሎሚው አበባውን ያጣው ፍየል ገብቶባቸው የሮጡ ጊዜ ነው። ሻሹ የተቀደደው ጀውሃ የሄዱ ቀን። እኔ ሁለት ዓመት መሰላል ይዤ ያላየሁትን እሳቸው ቦይ ዳር ተቀምጠው አይተዋል። ከእኔና ከአባባ ዓይነ ስውሩ ማን ነው?

አባባ ያውቃሉ ወይ አልኩ፣ እርስዎ ማወቅዎን። ሳያውቅ ይቀራል? አሉ። ታዲያ ነግረዋቸው ያውቃሉ?

«ምን ብዬ? ዓይንህ ጠፋ ልበለው? ሰው ጓደኛውን እንዲህ ይለዋል?»

ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አወጡና አሳዩኝ። መንቀጥቀጡ የወባ ብቻ አይደለም። ከድሮም ነው። መጋዝ መያዝ ካቆሙ ቆይተዋል። የእሳቸውን ዛፎች በሙሉ የሚገርዙት አባባ ናቸው፣ በእሳቸው ምላስ እየተመሩ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ሳይነሳ። አባባም እጅህ ይንቀጠቀጣል ብለዋቸው አያውቁም። ሁለት ሽማግሌዎች ተደምረው አንድ ገራዥ! ለዚህ ሁሉ ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላሉም፣ ለራሳቸው እንኳ!

ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ለምን እንደማለቅስ አላውቅም። ንዴት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 23

እንግዳው አለፈ። በተከረከሙት ኒሞች ሥር ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈን ቆምን፣ ጥላ የለ፣ ጥላውን ቆርጠነዋል። እኩለ ቀን ላይ መኪኖች መጡ፣ መስታወታቸው ዝግ፣ አቧራው ሳይነሳ ወፍጮ ቤቱን አልፈዋል። ማጨብጨብ ያለብን የትኛውን እንደሆነ ስንጠያየቅ አለቀ። ዛፎቹ ግን እኩል ናቸው።

ከሰዓት ጓድ ሊ/መ ቤታችን መጡ። ያለ ድምፅ ማጉያ። ያለዚያ ነገር ሰው ይመስላሉ፣ ድምፃቸውም ለስላሳ ነው። እማ ወንበር ሰጠች። ልጅ ሆነው ከአባባ ማንጎ ይሰርቁ እንደነበር ራሳቸው አነሱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከዚያ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ደንቡ ደንብ ነው አሉ። ኮሚቴው ሐሙስ ጠዋት ቦታው ላይ ይመጣል። የሚያየው አንድ ነገር ነው፣ በዚህ ቤት መጋዝ የሚይዝ ማን ነው።

አባባ መሬት ያያሉ፣ መሬትም አይታያቸውም። እማ በሩን ታያለች፣ አባዬ በዚያ የሚገባ ይመስል። እኔ የኖራ እድፍ ያለበትን ቀሚሴን አየሁና፣ እኔ ነኝ አልኩ።

እማ ዞረች። አንቺ ዛፍ ላይ? አለች። እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥር 24

አባባ መጋዙን ሰጡኝ። እጄ ላይ አስቀምጠው ሳይለቁት ብዙ ቆዩ።

ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ተለማመድኩ። አውራ ጣቴን ይዘው ቅርንጫፍ ከግንድ የሚወጣበትን እብጠት አስዳሰሱኝ፤ ከእሱ ውጭ ቁረጪ፣ ከነካሽው ቁስሉ አይድንም። መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ግዝግዝ፣ አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። ሎሚ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሮጠው ለምለም ቀንበጥ ያምርሻል፣ ግን ፍሬ የለውም፣ አትዘኝለት። ነገ እንዳይረሳኝ እዚህ ጻፍኩት። የሳቸው ግን ጣታቸው ላይ ነው ያለው።

ጋሽ ሙህዬ ትኩሳታቸው ቀለል ብሎ ኩታ ተከናንበው መጡ። ቦዩ ዳር ተቀመጡ። አምስት ደቂቃ ታገሡ። መሃሉን ክፈቺ አሉ አባባ። ጥላ ተይለት አሉ ጋሽ ሙህዬ። ጀመሩ።

ሐሙስ፣ ጥር 25። 12 ሰዓት ጠዋት

ስነሳ እግሬ ሥር የአባዬ ካኪ ሱሪ ነበር። እማ ከታች አሳጥራ ሰፍታዋለች፣ ወገቡን በገመድ አጥብቃዋለች። መቼ እንደሰፋችው አላውቅም። ስለበሰው ጀርባዬን ዞር አድርጋ አየችና፣ ስትወርጂ ቀስ በይ አለች። ስትወጪ አላለችም። እማ ናት።

2 ሰዓት

ሎሚው ሥር። ወስኛለሁ፣ ሳልወጣ ልጻፈው። የመጀመሪያዋን ቅርንጫፍ የምመርጣት ራሴ ነኝ። አባባ የሚሉትን በአንድ ጆሮ፣ ጋሽ ሙህዬ የሚሉትን በሌላው፣ ግን የሚያየው የእኔ ዓይን ነው፣ የሚገዘግዘውም የእኔ እጅ። ኮሚቴው እምቢ ቢል እንኳ አንድ ዛፍ በሥርዓቱ ተገርዞ ያየዋል። ከዚያ የጋሽ ሙህዬንም ዛፎች እቀጥላለሁ፣ በቀን፣ ሰው እያየ።

የጓድ ሊ/መ ኮፍያ ከቦዩ ማዶ ይታየኛል። ከኋላቸው ሦስት ሰዎች። አባባ ግንዱን ሦስት ጊዜ መቱልኝ። ቢስሚላህ። ጋሽ ሙህዬ ከቀኝ ጀምሪ ይላሉ፣ አባባ ሎሚ ከመሃሉ ነው የሚጀመረው ይላሉ፣ አንተ ስለ ሎሚ ምን ታውቃለህ፣ ካንተ ይሻላል፣ ኮሚቴው ደርሷል እነሱ አላቆሙም። ወላሂ አሁን ነው የምነግራቸው፦ ሁለታችሁም መሰላሉን ያዙ፣ እኔ ልወጣ ነው።